ዋስ ያለው መንገድ፤ የበዓል ጉዞ ከሐርጌሳ እስከ በርበራ

የረመዳን ጾም ተፈጽሞ የዒድ አል ፈጥር ስግደት ካበቃ በኋላ፣ በሐርጌሳ ከተማ አቅም የፈቀደለት ሁሉ ወደ ባሕር መውረድን ይመኛል። የመጀመሪያው ቀን የዘመድና የጎረቤት ነው፤ ሽማግሌዎች ይጠየቃሉ፣ ልጆች አዲስ ልብሳቸውን ለብሰው ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ። በማግሥቱ ግን አራት ወይም አምስት ወዳጆች ገንዘብ አዋጥተው አንድ አውቶሞቢል ይይዛሉ፤ ውሃውን፣ ተምሩን፣ በፔርሙዝ የተሞላውን ቅመም የበዛበት የወተት ሻሂ ጭነው ገና ሳይነጋ ይነሣሉ። መድረሻቸው በርበራ ነው፤ ጊዜ ከተረፋቸውም የሼክን ተራራ ይወጣሉ። ሁለት ሌሊት በውጭ አድረው በሦስተኛው ቀን ይመለሳሉ።

እንዲህ ባለው ማኅበር ውስጥ ኢትዮጵያዊም አይታጣም። በሐርጌሳ የሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ግንበኞች፣ ወጥ ሠሪዎች፣ ልብስ ሰፊዎችና መምህራን ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። መስቀልና ፋሲካ በዚያ አገር የሥራ ቀኖች ስለ ሆኑ፣ ክርስቲያኑ ሠራተኛ ረዘም ያለ ዕረፍት የሚያገኘው ከአስተናጋጆቹ በዓል ጋር ነው። ስለዚህ ጾሙን ያልጾመው ሰው ከጾመው ባልንጀራው ጋር በአንድ አውቶሞቢል ተቀምጦ በዓሉን አብሮ ይውላል፤ ይህንንም እንደ ነውር የሚቈጥረው የለም።

መንገዱ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በደኅና አውቶሞቢል ለሚጓዝ ሰው ከጧቱ ጉዞ አያልፍም። ለሚዝናና ሰው ነገሩ አጭር ሽርሽር ነው፤ ለነጋዴና ለአስተዳዳሪ ግን በዚህች አጭር መንገድ ላይ ብዙ የሚነበብ ነገር ይገኛል። ከሐረርና ከኦጋዴን የሚነሣው ቅፍለት ለብዙ ዘመን ወደ ባሕር የወረደው በዚህ በኩል ነበር። መንገዱ በየዘመኑ ሲከፈትና ሲዘጋ የኖረውም በድንጋዩ ወይም በአሸዋው ክፋት አይደለም፤ ለመንገደኛውና ለንብረቱ ዋስ የሚሆን ሰው አንድ ጊዜ በመገኘቱ፣ አንድ ጊዜም በመታጣቱ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ሐርጌሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ደጋማ ሜዳ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። የእንግሊዝ ሶማሌላንድ ዋና ከተማ ቀድሞ በርበራ ነበረች፤ መንግሥቱ ወደ ሐርጌሳ የተዛወረው በ1941 ነው። አገሩ ጁን 26 ቀን 1960 ነጻ ከወጣ በኋላ፣ በአምስተኛው ቀን ኢጣልያ ታስተዳድረው ከነበረው ደቡቡ ክፍል ጋር ተዋሐደ። ሜይ 18 ቀን 1991 ደግሞ በቡርዖ ከተማ በተደረገው ጉባኤ ተለይቶ መቆሙን ዐወጀ። ከዚያ ወዲህ የራሱ ምክር ቤት፣ የራሱ ገንዘብና የራሱ ፖሊስ ያለው ሲሆን፣ የአብዛኛዎቹ የዓለም መንግሥታት ዕውቅና ግን አልተሰጠውም።

በከተማይቱ መካከል በመሠረት ላይ የቆመ አንድ የሚግ አውሮፕላን ይታያል። ለጌጥ የተተከለ አይደለም። በ1988 የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች ወደ ከተማይቱ በገቡ ጊዜ፣ የጄኔራል ዚያድ ባሬ መንግሥት አውሮፕላኖች ከራሷ ከሐርጌሳ አየር ማረፊያ እየተነሡ ከተማይቱን መልሰው ደበደቧት። ቤቱ ፈረሰ፤ ከሞት የተረፈው ሕዝብ ልጁን አዝሎ በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ድንበር ተሰደደ። በጅጅጋ አጠገብ ሐርተሼክ በተባለው ስፍራ የተቋቋመው የስደተኞች ሰፈር ከ200,000 በላይ ሰው የያዘበት ጊዜ ነበር፤ በዚያን ጊዜም በዓለም ካሉት የስደተኛ ሰፈሮች ሁሉ ትልቁ ይባል ነበር። የተዘጋው በ2004 ነው። በዛሬዋ ሐርጌሳ ገበያ አማርኛ የሚሰማ ባለ ሱቅ ሲገኝ፣ ትምህርቱን ከየት እንዳገኘ መጠየቅ ብዙም አያስፈልግም።

ወዳጆቹ ከመነሣታቸው በፊት ገንዘብ ይመነዝራሉ። ለዋጮቹ የሶማሌላንድን ሽልንግ፣ ከ1994 ጀምሮ የሚሠራበትን፣ እንደ ጡብ ከምረው በአደባባይ ይቀመጣሉ። የስግደት ሰዓት ሲደርስ ክምሩን በጨርቅ ሸፍኖ የሚሄድ ሰው ማየት ለእንግዳ ያስደንቃል። ከ2009 ወዲህ ግን ዛድ የሚባለው በእጅ ስልክ የሚከፈልበት ዘዴ ስለ ተስፋፋ፣ በመንገድ ዳር ሻሂ የምትሸጠው ሴት እንኳ ብሩን በስልኳ ትቀበላለች። ለበዓል የሚወጣ ሰው ዛሬ የገንዘብ ከረጢት መሸከም የለበትም።

ስለ አነዳዱ አንድ ነገር ማመልከት ይገባል። አብዛኛዎቹ አውቶሞቢሎች ቀድሞ በጃፓን አገር የተነዱና በዱባይ በኩል ተገዝተው የመጡ ስለ ሆኑ መሪያቸው በቀኝ ነው፤ የአገሩ ደንብ ደግሞ በመንገዱ ቀኝ መንዳት ነው። ስለዚህ ሾፌሩ ከፊቱ ያለውን የጭነት ካሚዮን ለመቅደም ሲፈልግ ከወዲያ የሚመጣውን ለማየት አይችልም፤ የሚያይለት በግራው የተቀመጠው ጓደኛው ነው። እርሱ “እለፍ” ካለ ይታለፋል፣ “ቆይ” ካለ ይቆያል። ከወዳጆቹ መካከል ዓይነ ንቁ የሆነው ከሾፌሩ አጠገብ የሚቀመጠው ለክብር ብቻ አይደለም።

ከከተማይቱ ወጣ እንዳሉ ሁለት ጡት የሚመስሉ ኮረብቶች በስተቀኝም በስተግራም እንደ መንገዱ ጥምዝ እየተለዋወጡ ይታያሉ፤ ሶማሌዎች ናሳ ሐብሎድ፣ ማለት የልጃገረድ ጡት፣ ይሏቸዋል። ቀጥሎም በመንገዱ ላይ ገመድ የተዘረጋበት ኬላ ይገኛል። በበዓል ሰሞን ወታደሩ “ዒድ ሙባረክ” ብሎ ሾፌሩን በስሙ ወይም በጎሣው ከጠየቀ በኋላ ገመዱን ይጥላል። እንግዳ ፊት ያየ እንደ ሆነ ግን ጥያቄው ይረዝማል፦ ከየት መጣ፣ ከማን ጋር ነው፣ ተጠያቂው ማን ነው? ጥያቄው ለማስቸገር የተፈጠረ አይደለም። በኦክቶበር 2003 በሼክ ትምህርት ቤት ያስተምሩ የነበሩ እንግሊዛውያን ባልና ሚስት በቤታቸው ተገደሉ፤ በዚያው ወር በቦረማ ከተማ ሕሙማንን ስትረዳ የኖረች አንዲት ኢጣልያዊት ተገደለች። ከዚያ ወዲህ ከሩቅ አገር የመጣ የውጭ ሰው ከሐርጌሳ ሲወጣ የታጠቀ ፖሊስ አብሮት እንዲሄድ ሲደረግ ኖሯል፤ አበሉንም የሚከፍለው መንገደኛው ራሱ ነው። ክፍያው በዛ ብሎ የሚያጕረመርም አይታጣም፤ የአገሩን የቆየ ልማድ የሚያውቅ ሰው ግን በነገሩ ብዙ አይደነቅም፤ ምክንያቱ ወደ በርበራ ሲደረስ ይነገራል።

በ50 ኪሎ ሜትሩ አካባቢ ከአስፋልቱ ወጥቶ በአሸዋማው መንገድ ጥቂት የተጓዘ ሰው ላስ ጌልን ያገኛል። የስሙ ትርጕም የግመሎች ውሃ መጠጫ ማለት ነው፤ ሁለት ደረቅ ወንዞች የሚገናኙበት ስፍራ ስለ ሆነ ስሙ ተስማሚ ነው። ለመግባት ከሐርጌሳ የፈቃድ ወረቀት ይዞ መምጣት ያስፈልጋል። ከኮረብታው ወገብ ላይ ባሉት የዐለት ጥላዎች ውስጥ በቀይ፣ በነጭና በቢጫ ቀለም የተሣሉ ላሞች ተሰልፈው ይታያሉ። ሻኛ የላቸውም፤ ቀንዳቸው እንደ በገና ክንድ የታጠፈ ነው፤ አንገታቸው ግን በኅብረ ቀለም ያጌጠ፣ ለበዓል የለበሱ የሚመስል ነው። በሆዳቸው ሥር እጁን የዘረጋ ሰው ቆሟል፤ አለፍ ብሎም ውሻና ቀጭኔ አለ። የፈረንሳይ ሊቃውንት በዣቪየ ጉቴርዝ መሪነት መጥተው ለዓለም ያስታወቁት በ2002 ሲሆን፣ ዕድሜውን ወደ 5,000 ዓመት ይገምቱታል። የአካባቢው እረኞች ግን ከዚያ በፊት ያውቁት እንደ ነበረ፣ የመናፍስት ቤት ነው ብለውም ይርቁት እንደ ነበረ ይነገራል። ፍርሃታቸው ሥዕሉን ከእጅና ከጭስ ጠብቆት ይሆናል።

ለከብት ነጋዴ በዚህ ስፍራ ከውበቱ ይልቅ ሌላ ነገር ይታየዋል። በዚያ ዘመን ላም የምትረባበት ሣርና ውሃ እዚህ ነበረ፤ ዛሬ አካባቢው የግመልና የፍየል አገር ነው። ሀብቱ አሁንም በእግሩ የሚሄድ ሀብት ነው፤ መልኩ ብቻ ተለውጧል።

ከላስ ጌል ወደ ባሕሩ ሲወረድ የአሳ ኮረብቶች ይገጥማሉ፤ በመካከላቸው ያለው በር ቱግ አርጋን ይባላል። በኦገስት 1940 በጄኔራል ናዚ የሚመራው የኢጣልያ ጦር ከሐርጌሳ ተነሥቶ ወደ በርበራ ሲገሠግሥ፣ ከ11ኛው እስከ 15ኛው ቀን ድረስ ውጊያ የተደረገው በዚህ በር ላይ ነው። በቍጥር ያነሰው የእንግሊዝ ጦር በመጨረሻ በርበራን በመርከብ ለቆ ወጣ፤ ከሰባት ወር በኋላ፣ ማርች 16 ቀን 1941፣ ከዔደን በባሕር መጥቶ መልሶ ያዛት። ከግመለኛው ጦር ጋር መትረየስ ሲተኵስ የቈየው ካፒቴን ኤሪክ ዊልሰን እንደ ሞተ ተቈጥሮ የእንግሊዝ ከፍተኛው የጀግንነት ኒሻን ተሰጠው። ኒሻኑ ከተነገረ በኋላ ግን ካፒቴኑ በሕይወት ተገኘ፤ የተገኘውም በኤርትራ በዓዲ ኡግሪ ከነበረው የምርኮኞች ሰፈር ነው። ከዚያም እስከ 2008 ድረስ ኖሯል። ዛሬ ወዳጆቹ በዚህ በር ሲያልፉ አውቶሞቢሉን አያቆሙም፤ ራዲያተሩ ከሞቀ ብቻ ይቆማል።

ከኮረብቶቹ በታች ጉባን የሚባለው የባሕር ዳር ቈላ ይጀምራል፤ ቃሉ የተቃጠለ ማለት ነው። ከአሥመራ ወደ ምጽዋ ወርዶ የሚያውቅ ሰው አየሩ እንዴት እንደሚለወጥ መገመት አያስቸግረውም፤ ብቻ እዚህ ቍልቍለቱ ዝግ ያለ ስለ ሆነ ሙቀቱ ሳይታወቅ ይመጣል። በበጋው ጫፍ በበርበራ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ በዚያን ጊዜ የሚችለው ሰው ሁሉ ወደ ሐርጌሳና ወደ ሼክ ይሸሻል። ዒድ በእነዚህ ቅርብ ዓመታት በማርችና በኤፕሪል ላይ ስለ ዋለ ግን ለበዓለኞቹ ጊዜው ተስማምቷቸዋል።

በርበራ ሲደርሱ አስቀድመው የሚያስቡት ስለ ምሳ ነው። ዓሣው በጧት የወጣ ነው፤ በእሳት ተጠብሶ ከሩዝ ወይም ከትኵስ ቂጣና ከበርበሬ ማባያ ጋር ይቀርባል። ለደገኛው እንግዳ እጅ በእጅ ተቀራርቦ መብላቱ የቤቱን ማዕድ ያስታውሰዋል፤ በጧት በበላው ዐንጄሮ ላይም እንጀራ ነው፣ እንጀራ አይደለም የሚለው ክርክር እስከ ባሕሩ ዳር ይዘልቃል። ከሰዓት በኋላ በባተላሌ ባሕር ዳር ወንዶቹ ይዋኛሉ፣ ሴቶቹ ከነልብሳቸው እስከ ጕልበት ይገባሉ፣ ሕፃናቱ በአሸዋው ላይ ይንከባለላሉ። ከደጋ የመጣው ሰው መዋኘት አለመቻሉን የሚናገረው ብዙ ጊዜ ከውሃው ከገባ በኋላ ነው።

ሲመሽ በአሮጌው ሰፈር የተዘዋወረ ሰው ከባሕር ድንጋይ የተሠሩ፣ የተቀረጹ መስኮቶች ያሏቸው፣ ግን ጣሪያቸው የወደቀ ቤቶችን ያያል። የነጋዴዎች ቤቶች ነበሩ። በ19ኛው ምዕተ ዓመት በርበራ የዓመቱ ግማሽ ከተማ፣ ግማሹ ባዶ ሜዳ ነበረች። ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል ድረስ ነፋሱ ሲመች መርከቦች ከሕንድ፣ ከመስከትና ከየመን ይመጣሉ፤ ከውስጥ አገርም ቅፍለቱ ተከታትሎ ይወርዳል። ቡናው፣ ቅቤው፣ ቆዳው፣ ሙጫው፣ ከርቤው፣ የሰጎን ላባውና የዝሆን ጥርሱ በአቡጀዲ፣ በሩዝ፣ በተምርና በብረት ይለወጣል። ከሚሸጠውም መካከል ሰው እንደ ነበረ መሸሸግ አይገባም። ኤፕሪል ሲያልቅ ጐጆው ይፈርሳል፣ ምንጣፉ ይጠቀለላል፣ ስፍራው ለነፋስ ይቀራል።

ይህ ሁሉ ገበያ የሚቆመው ያለ መንግሥት፣ ያለ ጉምሩክና ያለ ዳኛ ነበር። በምን ሥርዓት ጸና ቢባል፣ አባን በሚባለው ነው። አባን ማለት የታወቀ ጎሣ ልጅ ሆኖ ለእንግዳው ነጋዴ ዋስ፣ አስተናጋጅ፣ አስተርጓሚና ደላላ የሚሆን ሰው ነው። ነጋዴው ከመርከብ ሳይወርድ አባኑን ይመርጣል። ከዚያ በኋላ በነጋዴው ላይ የሚደርስ ጥቃት በአባኑና በጎሣው ላይ የደረሰ ስድብ ስለሚሆን፣ ጎሣው ሁሉ ይነሣል። ለዚህም አባኑ ከሽያጩ ድርሻ፣ ከጨርቁም ስጦታ ይቀበላል። የውጭ አገር ጸሐፊዎች አባንን ቀማኛ አድርገው ይሥሉታል፤ ሒሳቡ አንዳንድ ጊዜ የበዛ እንደ ነበረም አይካድም። ነገር ግን አባን ባይኖር ቡናው ከሐረር ባልተነሣም ነበር።

የዚህ ማስረጃ እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ነው። ጃንዋሪ 3 ቀን 1855 ሐረር ገብቶ አሥር ቀን ያህል ከሰነበተ በኋላ በምድረ በዳው አድርጎ በርበራ ወረደ። ወደ ዔደን ተሻግሮ ተመልሶ በመጣ ጊዜ ለሁለተኛ ጉዞ በርበራ ላይ ሰፈረ። ገበያው ተፈትቶ ነበር፤ የመጨረሻው ቅፍለት ሄዷል፣ ይጠብቀው የነበረው የጦር ጀልባም ተነሥቷል። ኤፕሪል 19 ቀን ሌሊት ድንኳኑ ተወረረ። ከባልደረቦቹ አንዱ ሞተ፤ ሁለተኛው፣ ኋላ የዓባይን ምንጭ በመፈለግ ስሙ የታወቀው ስፒክ፣ ብዙ ቦታ ቈሰለ፤ የበርተንም ጕንጭ በጦር ተበሳ። እንግሊዞች ስለዚህ ነገር የበርበራን ባሕር ዘጉ፤ ገበያው ታሰረ፤ የከሠረውም ከወረሩት ይልቅ ነጋዴው ነበር። መዘጋቱ የተነሣው በ1856 በተደረገው ውል ነው። በአንድ ሌሊት የዋስትና ጕድለት የአንድ ዓመት ተኩል ንግድ እንደ ተበላሸ ያየ አስተዳዳሪ፣ በኬላው ላይ የሚጠየቀውን ጥያቄ አይንቅም።

ከዚያ በኋላ ዋሶቹ እየተለዋወጡ መጡ። በ1870ዎቹ ግብፆች በርበራን ይዘው ከዱባር ምንጭ እስከ ከተማይቱ ውሃ በቧንቧ አመጡ፤ በ1884 ሲወጡ እንግሊዞች ገቡ። በሜይ 1897 ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከሬኔል ሮድ ጋር በተዋዋሉት ውል፣ ከዘይላ በጊልዴሳ በኩል ወደ ሐረር የሚወጣው የቅፍለት መንገድ ለሁለቱም መንግሥታት ንግድ ክፍት ሆኖ እንዲኖር ተስማሙ፤ የወሰኑንም ነገር የሐረር ገዢ የነበሩት ልዑል ራስ መኰንን ተነጋግረው ጨረሱ። ብልኅ ውል ነበር። ይሁን እንጂ ከጅቡቲ የተነሣው ምድር ባቡር በ1902 ድሬዳዋ በደረሰ ጊዜ ግመሉን ቀደመው፤ ዘይላ ደኸየች፣ በርበራም ለበግና ለፍየል ብቻ ቀረች።

በማግሥቱ ጧት ወደቡን ከሩቅ የተመለከቱት ወዳጆች የሚያዩት ሌላ ዘመን ነው። የመጀመሪያውን ዘመናዊ ወደብ ሶቪየቶች በ1960ዎቹ መጨረሻ ሠሩት፣ አሜሪካኖች በ1980ዎቹ አስረዘሙት። ሶቪየቶች የሠሩት የአውሮፕላን ማረፊያ ከአራት ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚረዝም፣ የአሜሪካ የጠፈር መርከብ ቢቸግረው እንዲያርፍበት ተከራይቶ የነበረበት ጊዜ አለ። የዱባይ ዲፒ ወርልድ ኩባንያ በ2016 ለ30 ዓመት ተዋውሎ፣ በጁን 2021 የአዲሱን ኮንቴነር ማራገፊያ የመጀመሪያ ክፍል አስመረቀ፦ የመርከብ መቆሚያው 400 ሜትር፣ የውሃው ጥልቀት 17 ሜትር፣ በዓመት የሚችለው 500,000 ኮንቴነር ነው። ከበርበራ እስከ ድንበሩ ያለው 250 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በአቡ ዳቢ የልማት ፈንድ ገንዘብ፣ ሐርጌሳን ሳይነካ የሚያልፈው ተለዋጭ መንገድ ደግሞ በእንግሊዝ መንግሥት ርዳታ እንዲሠራ ተደረገ።

ኢትዮጵያም በ2018 በወደቡ 19 ከመቶ ድርሻ እንዲኖራት ተስማምታ ነበር። የድርሻው ግዴታ በጊዜው ስላልተፈጸመ መቅረቱን የሶማሌላንድ የገንዘብ ሚኒስትር በጁን 2022 አስታወቁ። ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ደግሞ ስለ ባሕር ዳር ኪራይ የመግባቢያ ሰነድ በአዲስ አበባ ተፈረመ፤ የሶማሊያ መንግሥት ተቃወመ፤ በዲሴምበር 2024 ኢትዮጵያና ሶማሊያ በአንካራ ላይ ሌላ መግለጫ አወጡ። የኢትዮጵያ ዕቃ አብዛኛው ግን እስካሁን የሚገባው በጅቡቲ ነው። የወደቡ ጥልቀት 17 ሜትር መሆኑ ለመርከቡ በቂ ነው፤ ዕቃውን የላከው ነጋዴ ግን የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ መንገድ ላይ ቢጠፋ የማንን በር ላንኳኳ?

ሁለተኛው ቀን የሼክ ነው። ከበርበራ በቡርዖ መንገድ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ተራራው እንደ ግድግዳ ይቆማል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ በየጥምዙ ዝንጀሮዎች የበዓለኞቹን ሙዝ ይጠብቃሉ። የካሚዮን ሾፌሮች ሽቅብ ለሚወጣው ቅድሚያ ይሰጣሉ፤ ወጣት ሾፌር ይህን ሲረሳ ከሁሉም ወገን ይሰደባል። ከላይ ሲደርሱ ነፋሱ ቀዝቃዛ፣ ዛፉ ጽድ ነው፤ ከታች ያለው ቈላ በጭጋግ ተሸፍኖ ባሕር ይመስላል። እንግሊዞች ከሙቀት የሚሸሹበት ስፍራ ነበር፤ ትምህርት ቤቱም የአገሩን ብዙ ሹማምንት ያሳደገ ነው።

በዚህች ትንሽ ከተማ ከ2002 ጀምሮ የእንስሳት ሕክምና የሚማሩበት የኢጋድ ትምህርት ቤት ይገኛል። ለምን እዚህ ተተከለ ለሚል ሰው መልሱ ከበርበራ መርከቦች ላይ ነው። የሶማሌላንድ ኑሮ ወደ ሳዑዲ አረቢያ በሚሻገረው በግ፣ ፍየልና ግመል ላይ የተመሠረተ ነው፤ ከሚሻገረውም ብዙው ከኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል የመጣ ነው። ሳዑዲዎች የስምጥ ሸለቆ ትኵሳት የሚባለውን በሽታ ፈርተው በ2000 ከብቱን ከለከሉ፤ ክልከላው የተነሣው በ2009 ነው። በእነዚያ ዓመታት አርብቶ አደሩ ከብት እያለው ቸገረው። ዛሬ ከብቱ ከመጫኑ በፊት በበርበራ ማቆያ ገብቶ ይመረመራል፤ ሐኪሙ በወረቀቱ ላይ ይፈርማል። ያ ፊርማ ከሌለ በጉ በጎ አይደለም፤ ካለ ግን እስከ መካ ይሄዳል። አሮጌው አባን በጦሩ ያደርግ የነበረውን፣ ይህ ነጭ ካፖርት የለበሰ ወጣት በብዕሩ ያደርገዋል።

በሦስተኛው ቀን ማኅበሩ ወደ ሐርጌሳ ይመለሳል። አንድ ቀን የተረፈው ኢትዮጵያዊ ግን ሌላ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ቀጥሎ ቶጎ ውጫሌ ይደርሳል፤ ዘመዶቹ ከጅጅጋ መጥተው የሚያገኙት በዚያ ነው። በዚህ መንገድ ላይ ከሁሉ የሚፈራው ጫት የጫነው መኪና ነው። ከሐረር አጠገብ ከአወዳይ የሚነሣው ጫት ሳይደርቅ ሐርጌሳ መግባት ስላለበት፣ መለከቱ ከሩቅ ሲሰማ ሁሉም ከመንገዱ ዞር ይላል። ለቡናና ለእህል ይህን ያህል መንገድ ቢለቀቅ ነጋዴው ባልተማረረ ነበር።

ድንበሩ ደረቅ ወንዝ ነው። መንገደኛው ብዙውን ጊዜ ከአንዱ አውቶሞቢል ወርዶ፣ ሻንጣውን አንጠልጥሎ፣ በእግሩ ተሻግሮ ሌላ አውቶሞቢል ይይዛል፤ በሁለቱም ወገን ማኅተም አለ፣ በሁለቱም ወገን ፍተሻ አለ፤ ከሁለቱ ጎን ደግሞ ማኅተም የማይፈልገው የኮንትሮባንድ መንገድ አለ። በሰሜን አውሮፓ የሚኖሩ ወዳጆች ለበዓል ሲወጡ ከዴንማርክ ዋና ከተማ ከኮፐንሃገን ተነሥተው ወደ ስዊድኗ ማልሞ በድልድይና በባሕር ሥር መንገድ፣ በጠቅላላው 16 ኪሎ ሜትር፣ ይሻገራሉ። ድልድዩ የተከፈተው በ2000 ነው፤ የእነዚያ አገሮች ተወላጆች ያለ ፓስፖርት መዘዋወር የጀመሩት ግን በ1952፣ ድልድዩ ሳይሠራ ነው። አስቀድመው መንግሥታቱ አንዱ ለሌላው ሰው ዋስ ሆኑ፤ ብረቱና ሲሚንቶው ኋላ መጣ። በ2015 መጨረሻ ስደተኛ በበዛ ጊዜ ስዊድን ወረቀት መጠየቅ ስትጀምር፣ በየቀኑ ለሥራ የሚመላለሰው ሰው በዚያው ባማረው ድልድይ ላይ ሰልፍ ያዘ።

በቶጎ ውጫሌ ገና እንዲህ ያለ ሰልፍ የሚያስይዝ ድልድይ የለም። የተቃጠሩ ዘመዳሞች አስቀድመው የሚስማሙት በሰዓቱ ነው፤ ከሐርጌሳ የመጣው ስምንት ሰዓት ሲል፣ ከጅጅጋ የመጣው ያንኑ ሁለት ሰዓት ይለዋል። ከበርበራ የመጣው የደረቀ ዓሣና የተምር ካርቶን በአንድ ወገን፣ ከጅጅጋ የመጣው ቡናና በርበሬ በሌላ ወገን ተቀምጦ፣ ሻሂ እየተጠጣ የፈታሹ ተራ ይጠበቃል። አንዱ የሰፈር ሽማግሌ ወጣቱን መንገደኛ ያውቀው እንደ ሆነ ጠጋ ብሎ ለፈታሹ፣ “ልጃችን ነው፤ አውቀዋለሁ” ይላል። ፈታሹም ሻንጣውን ከፍቶ፣ ዓሣውን አይቶ፣ መልሶ ይዘጋዋል።